በዐሥራ አንደኛው ሰዓት የመጣ ተማሪ፡ በጉልምስና ዕድሜ የጤና ሳይንስ ትምህርት ለሚጀምሩ ምእመናን



ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ላይ ስለ ወይን ቦታ ሠራተኞች ባስተማረው ምሳሌ፣ ማለዳ የተቀጠሩ፣ በ3፣ በ6 እና በ9 ሰዓት የተቀጠሩ፣ በመጨረሻም በ11 ሰዓት የተጠሩ ሠራተኞች ተጠቅሰዋል። ይህን የሰዓት አቈጣጠር ለማስተዋል እኛ ኢትዮጵያውያን ማብራሪያ አያስፈልገንም። 11 ሰዓት ማለት ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት፣ ገበሬው በሬዎቹን ከቀንበር ሊፈታ ሲያስብ ማለት ነውና። በዚያች ሰዓት የተጠራው ሠራተኛ ሁለት ነገር አድርጓል። «ቀኑ መሽቷል» ብሎ ወደ ቤቱ አልተመለሰም፤ የቀረችውንም አንዲት ሰዓት በከንቱ አላሳለፈም። አበው ይህን ምሳሌ የሚተረጕሙት ስለ ንስሓና ስለ መንግሥተ ሰማያት ነው። ይሁን እንጂ በሕይወታቸው ዘግይተው አንድ በጎ ሥራ ለሚጀምሩ ሁሉ መጽናኛ ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በጉልምስና ዕድሜያቸው ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የጤና ሳይንስ ትምህርት ለሚጀምሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ የመጀመሪያውን ዓመት የትምህርት መርሐ ግብር ከቤተሰብ ኀላፊነትና ከመንፈሳዊ ሕይወት ጋር አስማምቶ መያዝ የሚቻልበትን መንገድ ማመላከት ነው።

እነዚህ ተማሪዎች እነማን ናቸው?

በምሥራቅ ጎጃም በየጁቤ፣ በቢቸና፣ በሞጣና በአካባቢያቸው ለሚኖር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አንደኛው በልጅነቱ አኮፋዳውን ይዞ ከዲማ ጊዮርጊስ ወደ ደብረ ወርቅ፣ ከዚያም ወደ መርጡለ ማርያም እየተዘዋወረ ዜማውንና ቅኔውን ሲማር የቆየ፣ ዘመናዊውን ትምህርት ግን ዘግይቶ የጀመረ ዲያቆን ነው። የዕድሜ እኩዮቹ ሥራ ይዘው ልጅ ሲያሳድጉ እርሱ ገና የ12ኛ ክፍል ፈተና ይፈተናል። ሌላው በመምህርነት ወይም በንግድ ሥራ ለዓመታት ከቆየ በኋላ በልቡ የነበረውን የሕክምና ሙያ ምኞት መልሶ ያነሣ ሰው ነው።

ሦስተኛዋን በምሳሌ እንመልከታት። በየጁቤ አካባቢ የምትኖር፣ ከ10ኛ ክፍል በኋላ ሠልጥና በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኝነት ለ12 ዓመታት ቤት ለቤት እየዞረች ያገለገለች፣ ባለ ትዳርና የሁለት ልጆች እናት የሆነች የ34 ዓመት እኅት አለች እንበል። የቀረውን ትምህርቷን በማታ ጨርሳ፣ የ12ኛ ክፍልን ፈተና በግል ተፈትና አልፋ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተመደበች። የጁቤ የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ደብረ ማርቆስም ከእርሷ በስተሰሜን በቅርብ ትገኛለች። ከዚህች እኅት ፊት የተደቀነው ጥያቄ ግን የመንገድ ርቀት አይደለም። «ሥራዬን ልያዝ ወይስ ልተው? ልጆቼን ማን ያያል? ጾሜና ቅዳሴዬስ እንዴት ይሆናል? ከልጅነቴ ጀምሮ የራቀኝን ኬሚስትሪ ዛሬ እችለዋለሁ?» የሚለው ነው።

የሕክምና ትምህርት በቤተ ክርስቲያን ዘንድ የተከበረ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ያጽናናል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ስለ ባለ መድኃኒት ክብር ያስተምራል፤ ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ባለ መድኃኒት ነበር፤ ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቀጰዶቅያ ቂሣርያ ለሕሙማንና ለድኆች መጠለያና መታከሚያ ያቆመ አባት ነው። በአገራችንም የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተቋቁሞ የጤና መኰንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድነት ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ የጤና ባለሙያው አገልግሎት እስከ ገጠር ቀበሌ እንዲደርስ ተደክሟል። ስለዚህ ይህን ሙያ ለመማር የሚወጣ ሰዓት ለወንድም አገልግሎት የሚወጣ ሰዓት ነው። ይሁን እንጂ በጎ ዓላማ ብቻውን ፈተና አያሳልፍም፤ ሥርዓት ያስፈልገዋል።

በሰሌዳ ላይ የሚታየውና የማይታየው ሰዓት

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሁሉ የጋራ ትምህርቶችን ይወስዳሉ። በተፈጥሮ ሳይንስ በኩል የገባ ተማሪ እንደ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ሒሳብ ካሉት ጋር እንግሊዝኛ፣ ሥነ ልቡና፣ ሎጂክ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ የመሳሰሉትን ይማራል። ነርስነትን ወይም ሕክምናን ልማር ብሎ የመጣ ጎልማሳ «ይህ ሁሉ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ሊያዝን ይችላል። ነገር ግን ወደሚፈለገው የጤና ትምህርት ክፍል ለመግባት የአንደኛው ዓመት ውጤት ይታያል። ስለዚህ «አያስፈልገኝም» ተብሎ የተናቀው ትምህርት፣ የሚያስፈልገውን በር የሚዘጋ ሊሆን ይችላል።

ብዙ አዲስ ተማሪዎች የሚሳሳቱት በትምህርት ክፍሉ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን መርሐ ግብር ሲያዩ ነው። በሳምንት 22 ሰዓት ያህል የክፍልና የቤተ ሙከራ ትምህርት ተጽፎ ቢገኝ፣ የ39 ሰዓት የመንግሥት ሥራ ለለመደ ሰው ቀላል መስሎ ይታያል። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርትን ክብደት የሚለኩት መምህሩ በሚያስተምርበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን ተማሪው በጠቅላላ በሚደክምበት ሰዓት ነው። ኢሲቲኤስ የሚባለው መለኪያ አንዱ ነጥብ ከ25 እስከ 30 የሥራ ሰዓት ይይዛል፤ በአገራችን ብዙ ጊዜ 27 ሰዓት ተብሎ ይሰላል። የአንድ መንፈቅ ዓመት ሙሉ ጫና 30 ነጥብ ቢሆን 810 ሰዓት ይሆናል። ይህ ለ16 ሳምንታት ሲካፈል በየሳምንቱ 50 ሰዓት ያህል ነው። እንግዲህ በሰሌዳ ላይ የታየው 22 ሰዓት ከግማሽ በታች ነው፤ የቀረው 28 ሰዓት ማንም የማይለጥፈው፣ ማንም ስም ጠርቶ የማይቈጣጠረው የጥናት ሰዓት ነው። ሰው በአንደኛ ዓመት የሚወድቀው በአብዛኛው በዚህ በማይታየው ሰዓት ላይ ነው።

ሳምንቱን መቍጠር

እግዚአብሔር ለሁሉም ሰው በእኩልነት የሰጠው ሳምንት 168 ሰዓት አለው። የየጁቤዋ እኅታችን እርሳስና ወረቀት ይዛ ትቈጥር ዘንድ እንጋብዛት። በቀን 7 ሰዓት ብትተኛ በሳምንት 49 ሰዓት ነው። ለትምህርት 50 ሰዓት። ለምግብ፣ ለመታጠብና ለልብስ በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት 17 ሰዓት ተኩል። ለዘወትር ጸሎት በቀን አንድ ሰዓትና ለእሑድ ቅዳሴ ከመንገዱ ጋር 4 ሰዓት፣ በድምሩ 11 ሰዓት። ይህ ሁሉ ሲደመር 127 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ የሚቀራት 40 ሰዓት ተኩል ነው።

አሁን በመንግሥት ሠራተኛነት የምትሠራውን 39 ሰዓት ስንቀንስበት አንድ ሰዓት ተኩል ይቀራል። በዚያች አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ሁለት ልጆች፣ አንድ ትዳር፣ የየጁቤና የደብረ ማርቆስ መንገድ፣ ሕመም፣ ለቅሶና ክርስትና ሊገቡ ነው። አይቻልም። ይህን ለማወቅ ግማሽ ዓመት ተምሮ፣ ታሞና ወድቆ ማየት አያስፈልግም፤ የአንድ ምሽት ስሌት ይበቃል። ብዙ ጎልማሳ ተማሪዎች ይህን ስሌት ስለማይሠሩ ጊዜው ሲያጥራቸው ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ያደርጋሉ፤ «ሰነፍ ሆኛለሁ፣ አእምሮዬ ደንዝዟል» ይላሉ። ችግሩ የቍጥር እንጂ የአእምሮ አይደለም።

ስለዚህ መንገዱ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው በመደበኛው መርሐ ግብር መማርና ከመሥሪያ ቤት የትምህርት ፈቃድ አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ሥራውን ሳይለቁ በቅዳሜና እሑድ ወይም በማታ መርሐ ግብር፣ በየመንፈቀ ዓመቱ አነስተኛ ጫና ይዞ ብዙ ዓመት መማር ነው። ሁለቱም መልካም ነው። የማይሆነው ሙሉ ሥራና ሙሉ ትምህርት በአንድነት ተሸክሞ፣ የእንቅልፍና የጸሎት ሰዓትን እየሸራረፉ መሄድ ነው። እንቅልፍን የሚቀንስ ተማሪ ጊዜ ያተረፈ ይመስለዋል። ነገር ግን ቀን የተማርነው በአእምሮ ውስጥ የሚጸናው ስንተኛ ስለሆነ የደከመበትንም ያጣል። ጸሎትን የሚቀንስም የሚደክምበትን ምክንያት ቀስ በቀስ ይረሳል።

የአንድ ቀን ምሳሌ

እኅታችን ፈቃድ አግኝታ በመደበኛው ገባች እንበል። ቀኗን እንዲህ ልታዘጋጅ ትችላለች። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ግማሽ ሰዓት ትጸልያለች፤ ከ11፡30 እስከ 1 ሰዓት ከሁሉ የሚከብዳትን ትምህርት ታጠናለች። ከ2 እስከ 6 ሰዓት የክፍል ትምህርት አለ። በምሳ ሰዓት አጭር የቀትር ጸሎት፣ ምግብና ዕረፍት፤ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ቤተ ሙከራ ወይም ክፍል። ከ11 እስከ 12 ሰዓት ትንፋሽ መሰብሰቢያና የሠርክ ጸሎት። ከ12 እስከ 1 ሰዓት ራትና ከልጆቿ ጋር የስልክ ንግግር። ከ1 እስከ 3፡30 ጥናት፤ ከዚያ የመኝታ ጸሎት፤ በ4 ሰዓት እንቅልፍ። ከ4 እስከ 11 ሰዓት 7 ሰዓት ተኛች ማለት ነው።

በዚህ አያያዝ በቀን 4 ሰዓት፣ በአምስት ቀን 20 ሰዓት ታጠናለች። ቅዳሜ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ 6 ሰዓት ብትጨምር፣ በሥራ ቀናት ደግሞ በሁለት ክፍለ ጊዜያት መካከል ከሚገኘው ባዶ ሰዓት 2 ሰዓት ብትጠቀም የማይታየው 28 ሰዓት ሞላ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ የጁቤ ሄዳ፣ እሑድን ከቤተሰቧ ጋር አስቀድሳና አርፋ፣ ማታ ልትመለስ ትችላለች። እሑድ ከጥናት ነጻ የሆነው ሥራው ስለቀረ ሳይሆን በሌሎቹ ቀናት ስለተሠራ ነው።

ልብ እንበል፤ ይህ ምሳሌ እንጂ ሕግ አይደለም። የቀን ጥናት የሚስማማው አለ፣ የሌሊት የሚስማማውም አለ። የሁሉ መሠረት ግን አንድ ነው፤ እያንዳንዱ የጥናት ሰዓት ስም ይኑረው። «ዛሬ አጠናለሁ» ማለት አይበቃም፤ «ዛሬ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ስለ ሴል ያለውን ምዕራፍ አጠናለሁ» መባል አለበት።

የቤተ ክርስቲያንን አቈጣጠር ከትምህርት ዘመኑ ጋር ማስተያየት

ቤተ ክርስቲያናችን ቀኑን በሰባት የጸሎት ጊዜያት፣ ዓመቱን በአጽዋማትና በበዓላት የከፈለች የጊዜ መምህር ናት። ጎልማሳው ተማሪ የዩኒቨርሲቲውን የትምህርት ዘመን አቈጣጠር በተቀበለ ዕለት ከባሕረ ሐሳቡ ጋር አስተያይቶ አንድ ወረቀት ላይ ይጻፈው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባል። ጾመ ነነዌ ከጥር 17 እስከ የካቲት 21 ባለው፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደየዓመቱ ይገባሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀናት ስለሆነ የአንድ መንፈቅ ዓመትን ግማሽ ያህል ይሸፍናል። የመንፈቅ ዓመቱ አጋማሽ ፈተናና የቤተ ሙከራ ሥራ በዚያ ጾም ውስጥ የሚውሉ መሆናቸውን ሰው በጥቅምት ካወቀ በመጋቢት አይደነግጥም።

በዐቢይ ጾም የሥራ ቀናት ቅዳሴው የሚፈጸመው ከሰዓት በኋላ በመሆኑ ከሰዓት በኋላ ቤተ ሙከራ ያለው ተማሪ ሊደርስ አይችልም። የቅዳሜና የእሑድ ቅዳሴ ግን ማለዳ ነው። ስለዚህ ሥጋ ወደሙ ለመቀበል የሚዘጋጅ ተማሪ ጊዜውን ከንስሓ አባቱ ጋር ተመካክሮ አስቀድሞ ይወስን። የዩኒቨርሲቲው የምግብ ሰዓትም ከጾም ሰዓት ጋር ላይገጥም ይችላል፤ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ለዚያ ሰዓት የሚሆን ምግብ አስቀድሞ ያዘጋጅ። ሕመም ያለበት፣ መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት የጾሙን ሥርዓት ለንስሓ አባት ትንገር እንጂ በራሷ ፈቃድ ራሷን አትጕዳ። የጤና ተማሪ ይህን ከሌላው ይልቅ ሊያስተውል ይገባዋል።

በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ለሚማሩ ትልቁ ፈተና የእሑድ ጠዋት ክፍል ነው። በዚህ ላይ ሦስት ነገር ማድረግ ይቻላል። ቅዳሴው ቀደም ብሎ የሚጀመርበትን አጥቢያ መፈለግ፤ ከክፍል ተጠሪውና ከመምህሩ ጋር በትሕትና ተነጋግሮ የክፍሉ መጀመሪያ ሰዓት ይቀየር ዘንድ በጋራ መጠየቅ፤ ይህም ካልሆነ በሥራ ቀን ማስቀደስ የሚቻልበትን ቀን መርጦ በንስሓ አባት ምክር መያዝ። የማይገባው ሳይናገሩ ከክፍል መቅረት ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ክፍል መገኘት ደንብ አላቸው፤ በተለይ ቤተ ሙከራና የተግባር ልምምድ ላይ ጥብቅ ናቸው። ደንቡን በመጀመሪያው ሳምንት አንብቦ ማወቅ፣ በመጨረሻው ሳምንት ከመማለድ ይሻላል።

ሌሊት ሙሉ ማሕሌት የሚቆም ዲያቆንም እንዲሁ ያስብ። በበዓል ዋዜማ መቆሙ መልካም ነው፤ ነገር ግን በማግሥቱ ፈተና ያለበትን ቀን አስቀድሞ ለአለቃውና ለአገልጋዮቹ ቢነግራቸው ተራውን ሌላ ይይዝለታል። አገልግሎት በኅብረት የሚፈጸም ነውና አንድ ሰው ብቻውን የሚሸከመው አይደለም።

ከአብነት ትምህርት ቤት የሚገኝ የአጠናን ጥበብ

ከአብነት ትምህርት ቤት የመጣ ተማሪ «እኔ ከዘመናዊው ትምህርት ወደ ኋላ ቀርቻለሁ» ብሎ ያስባል። እውነቱ ግን እርሱ ሌሎቹ ያልያዙትን መሣሪያ ይዟል። በንባብ ቤት የቃል ትምህርት የሚሰጠው ማታና ሌሊት፣ መጽሐፍ በማይታይበት ሰዓት ነው። ተማሪው የሰማውን ከራሱ እያወጣ ይደግማል፤ በማግሥቱም የትናንቱን ሳያሰማ አዲስ አይቀበልም። ጀርመናዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ ሰው የተማረውን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በብዛት እንደሚረሳ፣ በጊዜ ተራርቆ ሲደገም ግን እንደሚጸና አሳይቷል። የንባብ ቤቱ መምህር ይህን በሥራ ያውቀዋል።

በጤና ሳይንስ ይህን እንዴት እንጠቀምበት? ስለ ሴል ክፍሎች ዛሬ የተማርከውን ዛሬ ማታ መጽሐፉን ዘግተህ ከራስህ አውጥተህ ጻፍ፤ ነገ ድገም፤ ከሦስት ቀን በኋላ ድገም፤ ከሳምንት በኋላ ድገም። መጽሐፍን ገልጦ አሥር ጊዜ ማንበብ ያወቅን ያስመስለናል፤ ዘግቶ አንድ ጊዜ መናገር ግን ማወቃችንንና አለማወቃችንን ይገልጣል። ደግሞም የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል እንጂ ከመወድስ አይጀምርም። ጉባኤ ቃናው ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ነገር ግን ያለ እርሱ ወደ ላይ የሚወጣ የለም። በኬሚስትሪም የአቶምን ቅንጣቶችና የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ ያልያዘ ተማሪ ወደ ፊት ስለ መድኃኒት ጠባይ በሚማርበት ጊዜ ይቸገራል።

ግእዝ የተማረ ሰው ሌላም ጥቅም አለው። ግስን ከሥሩ ፈትቶ ርባታውን ማውጣት ለምዷል። የሕክምና ቃላት በብዛት የተገነቡት ከግሪክና ከላቲን ሥሮች ነው፤ እነርሱም እንዲሁ ይፈታሉ። «ሄፓር» በግሪክ ጉበት፣ «ካርዲያ» ልብ፣ «ኔፍሮስ» ኵላሊት ነው። በቃሉ መጨረሻ «አይተስ» የሚል ሲጨመር የዚያን ክፍል ብግነት ያመለክታል። ስለዚህ ሄፓታይተስ የጉበት፣ ካርዳይተስ የልብ፣ ኔፍራይተስ የኵላሊት ብግነት መሆኑን አንድ ጊዜ ሥሩን የያዘ ሰው ሦስቱንም ያውቃል። ብዙ ቃል ከመሸምደድ ጥቂት ሥር መያዝ ይቀላል።

ከታናናሾች ጋር መማር

ለጎልማሳ ተማሪ ከኬሚስትሪ ይልቅ የሚከብደው አንዳንድ ጊዜ ኀፍረት ነው። የክፍል ጓደኞቹ የ18 እና የ19 ዓመት ወጣቶች ናቸው፤ እርሱን «ጋሼ»፣ እርሷን «እትዬ» ይላሉ። መምህሩ ራሱ በዕድሜ ሊያንስ ይችላል። ያልገባውን ለመጠየቅ እጁን ሲያነሣ «ይህን እንኳ አያውቅም» እንዳይባል ይፈራል፤ ኮምፒውተሩን ለመክፈት ከልጁ እኩያ ርዳታ መጠየቅ ይከብደዋል።

በመነኮሳት ዜና የታወቀው አባ አርሳንዮስ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። እርሱ በንጉሥ ቴዎዶስዮስ ቤተ መንግሥት የነገሥታቱን ልጆች ያስተማረ፣ የላቲንንና የግሪክን ዕውቀት የያዘ ሊቅ ነበር። ወደ ግብፅ በረሓ ከገባ በኋላ ግን ስለ አሳቡ አንድ ያልተማረ ግብፃዊ ሽማግሌ ሲጠይቅ ታየ። ባዩት ጊዜ ተደንቀው ቢጠይቁት፣ የዚህን ገበሬ ፊደል ገና እንዳልተማረ በትሕትና መለሰላቸው። የሚበልጠውን ለመማር ከሚያንሰው መጠየቅ ውርደት አይደለም። ደግሞም ልውውጡ በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ወጣቱ በሒሳብና በኮምፒውተር ይረዳል፤ ለ12 ዓመታት እናቶችን ያማከረች፣ ሕፃናትን ያስከተበች እኅት ደግሞ ስለ ታማሚ አቀራረብ ለወጣቱ የምትነግረው ብዙ አላት።

በየዩኒቨርሲቲው ያሉ የግቢ ጉባኤያትም ለጎልማሶች ክፍት ናቸው። «ይህ የወጣቶች ነው» ብሎ መራቅ አይገባም። ነገር ግን አንዳንድ ጎልማሳ በዕድሜውና በዕውቀቱ የተነሣ በመጀመሪያው ወር የክፍል ሰብሳቢነትና የመዘምራን ኀላፊነት ይደራረብበታል። የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት በተማሪነትና በተሳታፊነት ቆይቶ፣ ውጤቱን ካየ በኋላ አቅሙን ለክቶ ኀላፊነት መቀበል ይሻላል።

ቤተሰብና ያልታሰበው ቀን

ተማሪ የሚሆነው ግለሰቡ ብቻ አይደለም፤ ቤተሰቡም አብሮ ተማሪ ይሆናል። ስለዚህ ከምዝገባ በፊት ባልና ሚስት ተቀምጠው ሦስት ነገር በግልጽ ይነጋገሩ፤ ልጆቹን በየቀኑ ማን ይይዛል፣ ገቢው ሲቀንስ ምን ይቀራል፣ ለስንት ዓመት ነው። በወጪ መጋራት ውል የሚማር ሰው ከምረቃ በኋላ የሚከፈል ዕዳ እንዳለም አብሮ ይታሰብ። በዘመድና በዕድር በኩልም እንዲሁ ነው። በጎጃም ለቅሶ መቅረት ከባድ ነገር መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን «በዚህ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ሣልስትና ሰባቱ ላይ ላልደርስ እችላለሁ» ብሎ አስቀድሞ ለዕድሩ ዳኛና ለቤተ ዘመድ መናገር ቅሬታን ያስቀራል።

ባለፉት ዓመታት በክልላችን በተከሠተው የሰላም እጦት መንገድ ሲዘጋና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ብዙ ተማሪዎች ተቸግረዋል። ስለዚህ ከሚያስፈልገው ሰዓት ሁሉ ላይ በየሳምንቱ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ባዶ መተው ይጠቅማል፤ ሕመም ቢመጣ፣ መንገድ ቢዘጋ፣ ልጅ ቢታመም የሚሞላበት ነው። የትምህርት ጽሑፎችን በስልክ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም መያዝ፣ የመምህሩንና የክፍል ተጠሪውን ስልክ ጽፎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

አንዳንድ ጊዜም ሁሉ ተሞክሮ የማይቻልበት ቀን ይመጣል። ልጅ በጽኑ ይታመማል፤ ትዳር ይናወጻል፤ የመጀመሪያው ፈተና ውጤት ያስደነግጣል። በዚህ ጊዜ ከሁሉ የሚጎዳው ሳይናገሩ ጠፍቶ መቅረት ነው። በአንድ ፈተና የወደቀ ሰው ትምህርቱ አላበቃም፤ መምህሩን ጠይቆ የሳተበትን አይቶ የቀረውን ተከታታይ ምዘና ሊሠራበት ይችላል። መቀጠል የማይቻል ከሆነም ወደ ሬጅስትራር ሄዶ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ አቅርቦ፣ በሕጋዊ መንገድ ትምህርቱን ለጊዜው ማቋረጥ ይገባል። በሥርዓት የወጣ ተማሪ በሥርዓት የሚመለስበት በር አለው፤ ሳያሳውቅ የጠፋ ግን በሩን ራሱ ይዘጋዋል። ለአንድ ዓመት ማቆም መሸነፍ አይደለም።

የየጁቤዋ እኅታችን ስሌቷን ሠርታ «ዘንድሮ ታናሹ ልጄ ገና ጡት አልተወም፤ በሚቀጥለው ዓመት በቅዳሜና እሑድ እጀምራለሁ» ብትል ጥበብ ነው። «ፈቃድ አግኝቻለሁ፣ እናቴ ልጆቹን ትይዝልኛለች፣ ዘንድሮ እገባለሁ» ብትልም ጥበብ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ሰዓቷን በፊት ቈጥራ በመግባቷ ወይም ሰዓቱ ካለቀ በኋላ በመቍጠሯ ነው። የወይኑ ቦታ ባለቤት በ11 ሰዓት የመጡትን የጠየቃቸው ለምን ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትተው እንደቆሙ ነበር፤ የሚቀጥራቸው እንዳላገኙ ነገሩት፤ እርሱም ወደ ሥራው ላካቸው። ዘግይቶ የተጠራ ሰው የጠፋውን ቀን እያሰበ አያዝን፤ የቀረውን ሰዓት ይያዝ።

በበረሓና በደጋ፣ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል የታመሙትን ለማገልገል የሚደክሙትን ሁሉ አምላካችን ያበርታልን፤ ለአገራችንም ሰላሙን ያድለን።